የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትና የማህፀን በር ጤና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ስለሚወስዱት መድኃኒትና ስለ ማህፀን በር ካንሰር አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው።

የማህፀን በር ካንሰር የሚመጣው ከምንድን ነው?

መነሻው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወቅት በቆዳ ንክኪ ይተላለፋል፤ ግንኙነት ከጀመሩ ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። ከብዙ ዓይነቶቹ መካከል ካንሰር የማምጣት አቅም ያላቸው ጥቂቶቹ ሲሆኑ፣ 16 እና 18 የተባሉት ሁለቱ ብቻ ከ10 የማህፀን በር ካንሰሮች የ7ቱ ያህል መንስኤ ናቸው።

ቫይረሱ ስለገባ ብቻ ካንሰር አይመጣም። ጤናማ የመከላከያ አቅም ያለው ሰውነት ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ያስወግደዋል። ሳይወገድ ከቆየ ግን የማህፀን በርን የሸፈኑት ሴሎች ቀስ በቀስ ይለወጣሉ። ይህ ለውጥ ቅድመ ካንሰር ይባላል፤ በባዮፕሲ (ከማህፀን በር በተቆረጠ ትንሽ ሥጋ ምርመራ) ውጤት ወረቀት ላይ ሲን 1፣ ሲን 2 ወይም ሲን 3 ተብሎ ይጻፋል። ሲን 1 ቀላሉ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ሲን 2 እና ሲን 3 ካልታከሙ ወደ ካንሰር የመሄድ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። በእነዚህ ደረጃዎች ላይ ያለች ሴት ሕመምም ሆነ ሌላ ምልክት አይሰማትም።

ኤችአይቪ ያለባት ሴት ለምን የበለጠ ትጋለጣለች?

ኤችፒቪን ከማህፀን በር የሚያጸዱት ኤችአይቪ የሚያጠቃቸው የመከላከያ ሴሎች ራሳቸው ናቸው። የእነዚህ ሴሎች ብዛት የሚለካበት ሲዲ4 ሲወርድ ኤችፒቪ በቀላሉ ይይዛል፣ ቶሎ አይለቅም፣ ብዙ ዓይነቱም በአንድ ጊዜ ይገኛል። በዚህ ምክንያት ከኤችአይቪ ጋር የምትኖር ሴት በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ኤችአይቪ ከሌለባት ሴት ስድስት እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ጊዜውም ያጥራል። የመከላከያ አቅሟ ጤናማ በሆነ ሴት ላይ ከኤችፒቪ እስከ ካንሰር ያለው ጉዞ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። አቅሙ በተዳከመ፣ በተለይ ኤችአይቪው ባልታከመ ሰውነት ውስጥ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ምርመራው ቀደም ብሎ የሚጀመረውና ቶሎ ቶሎ የሚደገመው በዚህ የተነሳ ነው።

የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ኤችፒቪን ይገድላል?

አይገድልም። መድኃኒቱ የሚሠራው ኤችአይቪ ለመራባት በሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች ላይ ነው፤ ኤችፒቪ እነዚህ የሉትም። ኤችፒቪን የሚያጠፋ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት እስካሁን የለም። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ለማህፀን በር የሚሰጠው ጥቅም በተዘዋዋሪ ነው፤ ኤችአይቪን ጸጥ ያደርጋል፣ የመከላከያ ሴሎች ያገግማሉ፣ ከዚያ በኋላ ኤችፒቪን የመዋጋቱ ሥራ የራስዎ ሰውነት ነው።

ታዲያ ለማህፀን በር ምን ያህል ይጠቅማል?

በግልጽ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2018 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ የታተመ ትንተና መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶችን ከማይወስዱ ጋር አነጻጽሯል። በሚወስዱት ላይ አዲስ ከፍተኛ ቅድመ ካንሰር (ሲን 2 እና ከዚያ በላይ) የመከሰት ዕድሉ በ40 በመቶ ገደማ፣ ያለው ለውጥ ወደሚቀጥለው ደረጃ የመክፋት ዕድሉም በ36 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የተለወጡ ሴሎች ወደ ጤናማነት የመመለስ ዕድላቸው ደግሞ በግማሽ ያህል ጨምሯል። ወደ ካንሰር የደረሱትም ያነሱ ነበሩ፤ ይህን የመዘኑት ጥናቶች ግን ጥቂት ናቸው።

እዚያው ትንተና ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ቁጥር አለ። ካንሰር አምጪ ኤችፒቪ የተገኘባቸው ሴቶች ብዛት ላይ የታየው ልዩነት ትንሽ ነበር። መድኃኒቱ በሽታው ወደፊት እንዳይሄድ የመያዝ ኃይሉ ቫይረሱን ከማስወጣት ኃይሉ ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ለዓመታት መድኃኒት የወሰደች ሴት ኤችፒቪ ቢገኝባት መድኃኒቱ አልሠራም ብላ መደምደም የለባትም።

ጥቅሙ የሚወሰነው በምንድን ነው?

በሦስት ነገሮች፦ መቼ እንደተጀመረ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደተወሰደና ሳይቋረጥ መወሰዱ። ከሁሉም ይበልጥ የሚወስነው የመጀመሪያው ነው። ሲዲ4 በጣም ሳይወርድ የጀመረች ሴት ማህፀን በሯ ላይ የሚታየው ለውጥ ያነሰ ነው። ሲዲ4ዋ ከ200 በታች ወርዶ የነበረ ሴት ዛሬ 600 ብትደርስ እንኳን፣ ያ የድክመት ዘመን የተከለው ኤችፒቪ ወይም የሴል ለውጥ አብሯት ሊኖር ይችላል። በማህፀን በር ረገድ ዝቅ ብሎ የነበረው ሲዲ4 ከዛሬው ባልተናነሰ ይነግረናል፤ ለሐኪምዎ ሁለቱንም ይንገሩ።

ጥቅሙ በወራት ሳይሆን በዓመታት ይታያል፤ ጎልቶ የሚወጣው ከሁለት ዓመት በላይ በተከታታይ በወሰዱና የቫይረስ መጠናቸው በምርመራ በማይታይ ሴቶች ላይ ነው። መድኃኒቱን እያቋረጡ የሚጀምሩ ከሆነ በየመሀሉ ኤችአይቪ ይነሳል፣ ማህፀን በሩም ያገኘውን ጥበቃ ያጣል።

የቫይረስ መጠኔ አይታይም ተብያለሁ። አሁንም የማህፀን በር ምርመራ ያስፈልገኛል?

አዎ፣ ያስፈልግዎታል። ብዙ ሴቶች ምርመራውን የሚዘሉት በዚህ ውጤት ተጽናንተው ነውና መልሱን ደግመው ቢያነቡት አይከፋም። ያ ውጤት የሚናገረው በደምዎ ውስጥ ስላለው ኤችአይቪ ነው። ስለ ማህፀን በር ሴሎች አንዳች አይናገርም። ሁለቱ የተለያዩ ምርመራዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

መድኃኒቱ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ኤችአይቪ ከሌለባት ሴት ጋር እኩል አያደርገውም። በዚያ ላይ የካንሰሩን መንገድ የጀመሩ ሴሎች አሉ። ኤችፒቪ የሴሉን ዘር መዋቅር ሰብሮ ከገባ በኋላ የሴሉን የመራባት ልጓም የሚይዙ ፕሮቲኖችን ያሰናክላል፤ እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ለውጥ የመከላከያ አቅም ስለተመለሰ ብቻ ወደኋላ አይመለስም። እንዲህ ያለውን የሚያገኘው ምርመራ፣ የሚያስወግደውም የማህፀን በር ሕክምና ነው።

ከስንት ዓመቴ ልጀምር? በየስንት ጊዜውስ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ከ25 ዓመታቸው ጀምረው ይመረመራሉ፤ ለሌሎች ሴቶች መነሻው 30 ነው። የኤችፒቪ ዲኤንኤ ምርመራ ከሆነ ውጤቱ ነጻ ሲሆን በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ይደገማል። ያለው ምርመራ በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው (ቪአይኤ) ወይም ፓፕ ስሚር (ከማህፀን በር የተወሰዱ ሴሎች በማይክሮስኮፕ የሚታዩበት) ከሆነ በየ3 ዓመቱ። ከ50 ዓመት በኋላ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ነጻ የሆነች ሴት ማቆም ትችላለች። አገራት ይህን እንደየአቅማቸው ያስተካክሉታልና የሚታከሙበት ተቋም የሚሰጥዎትን ቀጠሮ ይከተሉ።

እነዚህ ጊዜያት ምልክት ለሌላት ሴት ናቸው። ከግንኙነት በኋላ ደም ከታየ፣ ከወር አበባ ውጪ ወይም ካረጡ በኋላ ከደሙ፣ ሽታው የተለወጠ ፈሳሽ ወይም የማይለቅ የዳሌ ሕመም ካለ የምርመራ ቀጠሮ አይጠበቅም። ያን ሳምንት ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ ያለፈው ውጤት ነጻ ነበር ብለውም አይዘናጉ።

ምርመራው እንዴት ይሠራል?

የኤችፒቪ ዲኤንኤ ምርመራ በትንሽ ብሩሽ ወይም በጥጥ የተጠቀለለ ዘንግ ከማህፀን በር ወይም ከብልት ውስጥ ናሙና መውሰድ ነው። በብዙ ቦታ ሴቲቱ ራሷ መጋረጃ ጀርባ ሆና መውሰድ ትችላለች፤ በአግባቡ ከተወሰደ ውጤቱ ባለሙያ ከወሰደው ጋር ይቀራረባል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ውጤቱን አያዛባም። በዚያን ቀን ኪኒን መዝለልም አያስፈልግም።

በቪአይኤ ጊዜ ባለሙያዋ የብልት መክፈቻ መሣሪያ አስገብታ ማህፀን በሩ ላይ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ ትቀባለች፤ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቃ ትመለከታለች። ነጭ ሆኖ የሚወጣና ጠርዙ የሚለይ ቦታ ካለ ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው። ትንሽ ያቃጥላል እንጂ አያምም። ብዙ ስህተት የሚመጣው ያን ደቂቃ ካለመጠበቅ፣ ከደካማ መብራትና ኢንፌክሽን ያቆሰለውን ማህፀን በር እንደ ቅድመ ካንሰር ከመቁጠር ነው። ባረጡ ሴቶች ላይ ደግሞ ለውጡ የሚጀምርበት የሴሎች መገናኛ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ በዓይን አይታይም፤ ለእነሱ ኤችፒቪ ዲኤንኤው ይሻላል።

ኤችፒቪ ተገኘብኝ። ካንሰር ነው? ባለቤቴስ ሌላ ሴት ጋ ሄዶ ነው?

ካንሰር አይደለም። ከኤችአይቪ ጋር በሚኖሩ ሴቶች ላይ ኤችፒቪ በጣም ስለሚበዛ ፖዘቲቭ የሆነች ሁሉ ወዲያው አትታከምም፤ መጀመሪያ ማጣሪያ የሚሆን ሁለተኛ ምርመራ ይደረጋል። ይህም ቪአይኤ፣ ኮልፖስኮፒ (ማህፀን በሩን በማጉያ መሣሪያ ማየት)፣ ፓፕ ስሚር ወይም 16 እና 18ን ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ነጻ ከሆነ ከ12 ወር በኋላ ተመልሰው ይመረመራሉ። ይህን ቀጠሮ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት፤ በመሀል የሚጠፉት ሴቶች በአብዛኛው “ሁለተኛው ነጻ ነው” የተባሉት ናቸው።

ስለ ባለቤትዎ ይህ ውጤት የሚናገረው ነገር የለም። ኤችፒቪ ለዓመታት ሳይታይ ቆይቶ ሲዲ4 በወረደ ጊዜ ሊነሳ ይችላል፤ መቼና ከማን እንደመጣ ማወቅ አይቻልም።

ቅድመ ካንሰር ተገኘብኝ። መድኃኒቴን በደንብ ብወስድ በራሱ አይጠፋም?

የሚወስነው ደረጃው ነው። ሲን 1 ከሆነ ክትትል ይበቃል፤ መድኃኒቱም ለመጥፋቱ ያግዛል። ሲን 2 ወይም ሲን 3 ከተባለ ግን መታከም ይገባል። ቀደም ባለው መልስ የተጠቀሰው የመመለስ ዕድል በብዙ ሴቶች መካከል የተሰላ ነው፤ የእርስዎ እንደሚመለስ አስቀድሞ የሚነግር መሣሪያ የለም። ሕክምናው ደግሞ አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳይተኙ ተሠርቶ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይመለሳሉ።

ገና አሁን መድኃኒት የጀመረች ሴት ሲዲ4ዋ እስኪወጣ ብላ ሕክምናውን ማዘግየት የለባትም። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ክራዮቴራፒ፣ ተርማል አብሌሽንና ሊፕ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ክራዮቴራፒ የተለወጠውን ቦታ በበረዶ ቅዝቃዜ ያጠፋል፤ 3 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ 5 ደቂቃ ማቅለጥ፣ እንደገና 3 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ነው። ተርማል አብሌሽን ቢያንስ 100 ዲግሪ በሞቀ ጫፍ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይነካል፤ ቦታው ሰፊ ከሆነ ይደጋገማል። የጋዝ ሲሊንደር ስለማያስፈልገው ተርማሉ ለትንንሽ ተቋማት ይመቻል። ሊፕ በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ቀጭን የሽቦ ቀለበት ቦታውን ቆርጦ ያወጣል፤ የማደንዘዣ መርፌ ይሰጣል፣ የወጣው ሥጋም በማይክሮስኮፕ እንዲመረመር ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ይሄዳል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚሠሩት ቦታው ሙሉ በሙሉ ሲታይ፣ ወደ ማህፀን መግቢያ ቦይ ካልዘለቀ፣ የማህፀን በሩን ሦስት አራተኛ ካልሸፈነና ካንሰር ካልተጠረጠረ ብቻ ነው። ካንሰር በተጠረጠረበት ላይ ማቃጠል ትልቅ ጥፋት ነው፤ ከላይ ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ኬንያ ውስጥ ከኤችአይቪ ጋር በሚኖሩ ሴቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በሁለት ዓመት ውስጥ ቅድመ ካንሰሩ የተመለሰባቸው ከክራዮቴራፒ በኋላ 30 በመቶ፣ ከሊፕ በኋላ 19 በመቶ ነበሩ። ሁለቱም ባሉበት ቦታ፣ በተለይ ለውጡ ሰፊ ከሆነ፣ ስለ ሊፕ መጠየቅዎ ተገቢ ነው። ሊፕ ከሌለ ግን ዛሬ የሚገኘው ሕክምና ለወራት ከሚጠበቀው ይሻላል።

ከሕክምናው በኋላ ምን ልጠብቅ?

እስከ አንድ ወር፣ አንዳንዴም ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራል። ሞዴስ ይጠቀሙ፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ታምፖን አይጠቀሙ፣ ብልትን ውስጥ ድረስ አይጠቡ። ለአራት ሳምንት ግንኙነት አይኖርም። ቁስሉ እስኪድን ኢንፌክሽን በቀላሉ ይገባል፤ የቫይረስ መጠኗ ያልወረደ ሴት ከሆነች ደግሞ በእነዚህ ሳምንታት በፈሳሹ ውስጥ የሚወጣው ኤችአይቪ ሊጨምር ይችላል። መታቀብ ካልተቻለ ኮንዶም የግድ ነው። ትኩሳት፣ ከወር አበባ የበዛ ደም፣ መጥፎ ሽታ ወይም ከባድ የሆድ ሕመም ከመጣ በዚያው ቀን ይመለሱ።

ታክሜ ነበር፤ እንዴት ተመለሰ?

ሕክምናው የተለወጡትን ሴሎች ያስወግዳል፤ በዙሪያው ባለው ጤናማ መሳይ ገጽ ላይ የቀረውን ኤችፒቪ ግን ላያስወግድ ይችላል። ኤችአይቪ ባለባቸው ሴቶች ላይ የመመለሱ ዕድል ከፍ ይላል፤ የሚጨምረውም ለውጡ ሰፊ ሲሆን፣ በሊፕ የተቆረጠው ጠርዝ ንጹሕ ካልሆነ፣ ሲዲ4 ዝቅ ካለና መድኃኒት ከተቋረጠ ነው። ሲጋራ ማጨስም የራሱን ይጨምራል።

ስለዚህ ከሕክምና በኋላ በ12 ወር፣ ነጻ ከሆነም ከዚያ በኋላ በ12 ወር እንደገና መመርመር ያስፈልጋል። ሁለቱም ነጻ ከሆኑ ብቻ ወደ መደበኛው ቀጠሮ ይመለሳሉ። ተመልሶ ቢገኝ እንደገና ይታከማል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሊፕ ይመረጣል።

ነፍሰ ጡር ነኝ። ምን ይደረግልኛል?

ቅድመ ካንሰር በእርግዝና ጊዜ አይቃጠልም፣ አይቆረጥም፤ ከወሊድ በኋላ ይታከማል። ካንሰር የሚያስጠረጥር ነገር ካለ ግን ወሊድ አይጠበቅም፣ ወደ ስፔሻሊስት ይላካሉ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትዎ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ከዚህ በፊት ሊፕ የተሠራልዎት ከሆነ ለቅድመ ወሊድ ክትትል ባለሙያዋ ይንገሩ፤ ጥልቅ ሆኖ የተቆረጠ ማህፀን በር ያለጊዜው የመውለድን ዕድል በመጠኑ ይጨምራል።

የኤችፒቪ ክትባት ለእኔ ይሠራል?

ክትባቱ ሕያው ቫይረስ የለበትም፤ ሲዲ4 ዝቅ ያለባት ሴትም ልትወስደው ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለሌሎች ልጃገረዶች አንድ ጊዜ መከተብም ሊበቃ እንደሚችል ቢገልጽም፣ ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ጊዜ ይላል። የሚከላከለው ገና ያልያዙ ዓይነቶችን ነው። የያዘውን አያስወጣም፣ የተለወጠውንም ሴል አይመልስም። ስለዚህ ትልቁን ጥቅም የሚያገኙት ግንኙነት ያልጀመሩ ልጃገረዶች ናቸው፤ ሴት ልጅ ካለችዎት ዕድሜዋ ሳያልፍ ያስከትቧት።

መድኃኒቱ ከተስፋፋ በኋላም የማህፀን በር ካንሰር ለምን አልጠፋም? መድኃኒቱ ራሱ ያመጣ ይሆን?

መድኃኒቱ ካንሰር አያመጣም። ካፖሲ ሳርኮማ የተባለው ከኤችአይቪ ጋር የሚያያዝ ሌላ ካንሰር በመድኃኒቱ መስፋፋት በፍጥነት ሲቀንስ የማህፀን በር ካንሰር ግን በዚያው ልክ አለመቀነሱ እውነት ነው። ቀድሞ በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው በኤችአይቪ ይሞቱ የነበሩ ሴቶች ዛሬ ሃምሳና ስድሳ ይደርሳሉ፤ ካንሰሩም የሚበዛው በዚህ ዕድሜ ነው። ብዙዎቹ መድኃኒት የጀመሩት ሲዲ4ቸው ከወረደ በኋላ ስለሆነ ለውጡ አስቀድሞ ተጀምሯል። በዕድሜያቸው ላይ ዓመታት ሲጨመሩ ምርመራው አብሮ ካልተጨመረ መድኃኒቱ ያተረፈውን ሕይወት ካንሰሩ ይወስደዋል።

ካንሰር ነው ተባልኩ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱን እስክታከም ላቁም?

በፍጹም አያቁሙ። ጨረርና ኬሞቴራፒ ሲዲ4ን ያወርዳሉ፤ በዚህ ላይ ኤችአይቪ ከተለቀቀ ሕክምናውን ሳይጨርሱ በሌላ ኢንፌክሽን የመያዝ አደጋ ይመጣል። ኢንፌክሽን የሚከላከለው ኮትሪሞክሳዞል ያስፈልግዎት እንደሆነም ይጠይቁ። ኤችአይቪ ስላለ ብቻ የካንሰር ሕክምናው ዝቅ ብሎ ሊሰጥዎት አይገባም።

የሚስተካከል መድኃኒት ግን ሊኖር ስለሚችል ሁለቱ ሐኪሞች መነጋገር አለባቸው፤ የኪኒኖችዎን ብልቃጥ ይዘው ወደ ካንሰር ሐኪሙ ይሂዱ። ከጨረር ጋር የሚሰጠው ሲስፕላቲን የተባለ ኬሞቴራፒ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ቴኖፎቪር ዲሶፕሮክሲል የተባለው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትም እንዲሁ። አብረው ከተወሰዱ ኩላሊት በተደጋጋሚ ይመረመራል፣ ወይም ቴኖፎቪሩ በሌላ ይተካል። ሄፓታይተስ ቢ ካለብዎት ግን ቴኖፎቪር እሱንም እየያዘ ስለሆነ እንዲሁ አይነሳም፤ ይህን አስቀድመው ይናገሩ። ዚዶቩዲን የተባለውን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደም ማነስን ከኬሞቴራፒው ጋር ያባብሳል።

አንድ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገርም አለ። የማህፀን በር ካንሰር ስለሚያደማ ለደም ማነስ የአይረን ኪኒን ይታዘዛል፤ አይረንና ካልሲየም ደግሞ ዶሉቴግራቪር የተባለው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በሆድ ውስጥ በደንብ እንዳይዋሃድ ያደርጋሉ። ዶሉቴግራቪሩን ከአይረኑ 2 ሰዓት ቀድመው ወይም 6 ሰዓት ዘግይተው ይውሰዱ፤ ወይም ሁለቱን አንድ ላይ ከምግብ ጋር ይውሰዱ። ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ያለበት የጨጓራ መድኃኒት ከሆነ ግን ምግብ አያስተካክለውም፤ ሰዓቱን መለየት ብቻ ነው መፍትሔው።